የልጁን ሰው መፈለግ፦ በጎጃም ደጋ ለሚሰማራ አዲስ የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ

በደብረ ማርቆስ ከተማ ወይም በዙሪያዋ ባሉት በጎዛምን፣ በስናን፣ በአነደድ፣ በማቻከል፣ በባሶ ሊበን ወረዳዎች የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ሆናችሁ ከተመደባችሁ፣ መጀመሪያ የምትረከቡት የተደራረበ ፋይልና ቁልፉ የጠፋ መሳቢያ ነው። ሥልጠናው ዘግይቶ ይመጣል። ሲመጣም ልጅን ከአደጋ ስለ ማውጣት ብዙ ይነገራችኋል፤ አውጥታችሁ የት እንደምታሳድሩት ግን ብዙም አይነሣም። ልጅ ተቀብሎ የሚያሳድር ማዕከል በአቅራቢያችን እንደ ልብ አይገኝም። ለውጭ አገር ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠትም በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 ቀርቷል።

የሚቀረው ዘመድ ነው። ልጁን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው፤ የሚያስጥለውም ዘመድ ነው። ሥራችሁ በአመዛኙ ከዚያ ሁሉ አጎት፣ አክስት፣ አያት፣ የክርስትና እናትና ጎረቤት መካከል ለልጁ የሚቆመውን አንድ ሰው ለይቶ ማግኘትና እሱን ማበርታት ነው። እኔ ያን ሰው “የልጁ ሰው” እለዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሱን ለማግኘትና ላለማጣት የሚረዳ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት

ሥልጣናችሁን እወቁ። ልጅን ከወላጁ መንጠቅ የፍርድ ቤት እንጂ የእናንተ ሥልጣን አይደለም። እናንተ ትጠይቃላችሁ፣ ታያላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ታመለክታላችሁ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝዛችሁ የቤተሰቡን ሁኔታ አጥንታችሁ ታቀርባላችሁ። በቦርሳችሁ ሦስት ነገር ይኑር፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79) እና የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስለ ሕፃናት የሚናገርባቸው ገጾች። ሰው ፊት እያወጣችሁ እንድታነቡ አይደለም። የቀበሌ ሊቀ መንበር “ይሄ ምን ላይ ተጽፏል?” ሲላችሁ እንዳትንተባተቡ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተለውን ፖሊስ፣ አንድ ዐቃቤ ሕግ፣ በሆስፒታሉ ወይም በጤና ጣቢያው ጥቃት የደረሰበት ልጅ ሲመጣ የሚቀበለውን ሰው፣ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በአካል ሄዳችሁ ተዋወቁ። ጭንቅ በገባ ሌሊት “ማን ልበል?” ከሚል ሰው ጋር መተዋወቅ ጊዜ ይበላል። ስልካቸውን ደብተር ላይም ጻፉት፤ የእጅ ስልክ ባትሪ ገጠር ውሎ አይገባም።

ቀን መምረጥ

የቤት ጉብኝት ግማሹ ቀን መምረጥ ነው። በገበያ ቀን ቤት የሚቆየው ሕፃንና አዛውንት ብቻ ነው፤ ከልጁ ጋር ብቻችሁን ለመነጋገር ሊጠቅም ይችላል፤ ለሌላው ግን መንገዱ ከንቱ ነው። በእርሻና በአጨዳ ወራት ሰው ሁሉ ማሳ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከክፍል የቀረ ልጅ ሁሉ የተበደለ ልጅ አይደለም፤ አጨዳ ላይ ነው። ጥር አጋማሽ ደርሶም ካልተመለሰ ግን ተነሡ።

የሚሻለው በዓል ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ ወይም ደብሩ የሚያከብረው የራሱ ታቦት። ገበሬ ሞፈር አያነሣም፤ ቤቱ ነው። ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ድረሱ፤ ከሰዓት ከሆነ ማኅበርና ጠላ አለ፤ ጠላ የገባበት ቤት ደግሞ ወይ ሁሉን ይነግራችኋል ወይ ይጣላችኋል። በዐቢይ ጾም ቅዳሴ የሚወጣው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ሰዓቱን ቀይሩት። ክረምቱን አትናቁት። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ልጁን በየቀኑ የሚያየው መምህር የለም፤ ጭቃው ደግሞ እናንተን ከከተማ አያስወጣም። ስጋት ያለባቸውን ልጆች ሰኔ ሳይወጣ አንድ ጊዜ እዩ።

ከሚሊሻ ጋር አትሂዱ፤ አደጋ አለ ተብሎ ካልሆነ በቀር። የመሥሪያ ቤት መኪና ካገኛችሁም (ካገኛችሁ!) ከሰፈሩ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። እናንተ ስትሄዱ ሐሜቱ እዚያው ይቀራል፤ ዱላውም።

ቤት ስትገቡ

“ቤቶች!” ብላችሁ ጥሩ፤ ግቡ እስኪሏችሁ ቁሙ። ካህን ከሆነ “አባ”፣ ትልቅ ሰው ከሆነ “አያ እከሌ”፣ ሴቲቱን “እሜቴ” ወይም “እትዬ”፤ ካላወቃችሁ “ማን ልበል?” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የተሰጣችሁ መደብ ላይ ተቀመጡ። ቡና ከተጣደ ጠብቁ። አንዳንድ ባልደረባ ቡና መጠጣት ገለልተኝነትን ያሳጣል ይላል፤ እኔ አልስማማም። ቡና ያልጠጣችሁበት ቤት እውነት አይነገራችሁም።

የመጣችሁበትን ነገር አትዋሹ። “ለቆጠራ ነው” ብሎ የገባ ሰው በሁለተኛው ጉብኝት በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል። “ስለ እገሌ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ ክስ ይዤ አይደለም” በቂ ነው። ማን እንደነገራችሁ ግን ከአፋችሁ አይውጣ፤ ቢገምቱም፣ ቢምሉም፣ “እሷ ናት አይደል?” ቢሏችሁም።

“ትመቱታላችሁ ወይ?” የሚል ጥያቄ “በጭራሽ” ከሚል መልስ ሌላ አያመጣም። የሆነውን ጠይቁ፦ ትናንት ከብቱን ማን አገደ? ማታ ማን አስገባ? አንድ በግ ቢጠፋ ምን ይደረጋል? እራት ስንት ሰዓት ተበላ፣ እነማን አብረው በሉ? ሰው ስለ በግ ሲያወራ አይጠነቀቅም።

ድህነትንና በደልን የሚለየውን መንገድ በዚህ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ተማሩት። በጮቄ ግርጌ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ ያየሁትን ልንገራችሁ። ድንች የሚቀቀልበት ሰዓት ነበር። አራት ልጆች ነበሩ፤ ሦስቱ የባለቤቱ፣ አንዱ የሟች ወንድሙ። ሁሉም የተቀደደ ልብስ ለብሰዋል፤ ይህ ምንም አይነግራችሁም። ግን በሩ ሥር ሦስት ጥንድ የፕላስቲክ ጫማ ነበር። ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠለው የደብተር ከረጢትም ሦስት ነበር። አራተኛው ልጅ ድንቹ ሲቀርብ አልተቀመጠም፤ በሩ ላይ ቆሞ ውሻውን ይጠብቃል። አጎቱ “እንደ ልጄ ነው የማየው” አለኝ፤ ከልቡ ይመስለኛል። ልጆቹ እኩል ከተራቡ ቤቱ ደህይቷል፤ እህልና ሥራ የሚገኝበትን መንገድ ፈልጉለት። አንዱ ብቻ ከተራበ ፋይል ክፈቱ።

ስለ ዱላ ሳትዘጋጁ አትሂዱ። ሕገ መንግሥቱ በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ አካላዊ ቅጣትን ይከለክላል። የወንጀል ሕጉ ደግሞ ልጅን ማንገላታትን በአንቀጽ 576 ይቀጣል፤ ወላጅ “ተገቢ” እርምት የመስጠት መብት እንዳለው ግን ያውቃል። ስለዚህ አለንጋ ያነሣን አባት ሁሉ ወንጀለኛ ነህ ብላችሁ ከጀመራችሁ ሕጉም አይረዳችሁም፣ ሰፈሩም ይስቅባችኋል። በርበሬ ማጠን፣ እጅና እግር ማሰር፣ ማቃጠል፣ ደጅ ማሳደር፣ እህል መከልከል፣ ራስ ላይ መምታት፤ እነዚህን ግን “አስተዳደግ ነው” ሲሏችሁ አትቀበሉ።

ከልጁ ጋር

ወላጁ ፊት አትጠይቁት። ቢሮ አትጥሩት፤ ወረዳ ተጠራ ከተባለ ሌባ ተብሎ ይመለሳል። ከብት ወደሚያግድበት ወይም ውኃ ወደሚቀዳበት አብራችሁ ሂዱ፤ ወይም መምህሩ በእረፍት ሰዓት አንድ ክፍል ባዶ ያድርግላችሁ። የእኛ አገር ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አንገቱን እንዲደፋና ካልተጠየቀ እንዳይናገር ተደርጎ ነው የሚያድገው። ዓይናችሁን ባለማየቱ ዋሸ አትበሉ።

“እንዲህ አደረገህ አይደል?” አትበሉ፤ በኋላ ፍርድ ቤት ያ ቃል የእናንተ እንጂ የእሱ አይሆንም። “ከዚያስ?” ብቻ በሉና ጠብቁ። የነገራችሁን በራሱ ቃል ጻፉ፤ ስድቡንም ሳትቀይሩ። “ለማንም አልናገርም” ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ መናገራችሁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ለማንም አይናገርም። ስትለያዩ ነገ ምን እንደምታደርጉና መቼ እንደምትመለሱ ንገሩት። ካልተመለሳችሁ ሰው ላኩበት።

ዛሬ ማታ የት ያድራል?

ቅጹ ብዙ ገጽ አለው። እናንተ ግን ከዚያ ቤት ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር መመለስ አለባችሁ፦ ልጁ ዛሬ ማታ እዚህ ቢያድር ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም ካላችሁ፣ ቀጥሉና ቀስ ብላችሁ ሥሩ። አስጊ ከሆነ ፖሊስ ይደወላል፤ የልጁም ሰው ዛሬውኑ ይፈለጋል።

እንዴት ይገኛል? ልጁን “ብትወድቅ ማን ያነሣሃል?” ብላችሁ ጠይቁት። “ማን ጋ ስትሄድ ትበላለህ?” የሚለውም ጥሩ ነው። ከዚያ ያ ሰው ልጁን ከሚጎዳው ሰው ጋር ምን እንደሚያገናኘው አጣሩ፤ እዚህ ላይ ነው አዲስ ሰው የሚሳሳተው። ጎረቤቱ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግን አንድ በሬ አለው፤ ሁለተኛውን የሚያቀናጅለት የልጁ አባት ከሆነ በሰኔ ልጁን አያስጠልልም፤ አስጠልሎ በምን ሊያርስ? በአንድ እድር ያሉ፣ ብድር ያለባቸው፣ መሬት በእኩል የሚያርሱ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ በሌላ ጎጥ ያለች የክርስትና እናት ከቅርብ አጎት ብዙ ጊዜ ትሻላለች። የንስሐ አባትም ቢሆን ልጁን ባያሳድር አባትየውን ይይዝላችኋል፤ ለወረዳ እምቢ ያለ ሰው ለንስሐ አባቱ እምቢ ሲል አላየሁም ማለት ይቻላል።

ልጁ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ሌላ ቤት ሲያድር ቀበሌው የሚያውቀው፣ ማን ለማን እስከ መቼ እንዳስረከበ የሚገልጽ አንድ ገጽ ይጻፍ። ያለ ወረቀት ያስጠለለች አክስት “ልጅ ሰረቀች” ተብላ ትከሰሳለች።

ያለ ዕድሜ ጋብቻ

በዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ሥራችሁን ከሁሉ ይበልጥ የሚወስደው ይህ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ የአማራ ክልል ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 14 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ሳይሞላቸው ነበር፤ ከአገሪቱ ሁሉ ዝቅተኛው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። በሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ዕድሜዋ 13 እና ከዚያ በላይ የሆነች ልጅ ያገባን እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

ወቅቱ የታወቀ ነው፦ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ። ስለዚህ ወሬ የሚሰበሰበው በጥር አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ጌሾ የሚወቀጥ ከሆነ፣ ብቅል ከተሰጣ፣ ጋን ከተዋሱ “ለልደት ነው” ወይም “ለዝክር ነው” ይሏችኋል። ለአንድ ዝክር ስንት ጋን ጠላ እንደሚበቃ ከሴቶቹ አንዷን ጠይቁ፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የታላቂቱ ሰርግ ሕጋዊ ሆኖ ታናሺቱ የምትደረብበት ቤት አለ፤ አንድ ድግስ ሁለት ልጅ ይድራል፤ ወጪ ይቀንሳል። ሕጋዊ ሰርግ ያለበት ቤት ታናናሽ ሴት ልጆች ካሉ ታናናሾቹን እዩ።

የዲያቆናትን ነገር ለብቻው ያዙት። ዲያቆን ቅስና ሊቀበል አስቀድሞ በቁርባን ማግባት አለበት፤ የሚያገባትም ልጅ ድንግል መሆን ይጠበቅባታል። ቤተሰቡ ለጥርጥር ቦታ ላለመስጠት ዕድሜዋን ዝቅ አድርጎ ይመርጣል። ይህን እናንተ ቤት ለቤት አትፈቱትም፤ ወረዳ ቤተ ክህነት ሄዳችሁ ከጥር በፊት በካህናት ጉባኤ እንዲነገር አድርጉ። አንድ መሪጌታ የሚናገረው ቃል እኛ ዓመት ሙሉ ከምንለጥፈው ፖስተር ይበልጣል።

ዕድሜ ማረጋገጥ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶው ብቻ ነበሩ፤ የዛሬ ተማሪዎቻችሁ እነዚያ ልጆችና ታላላቆቻቸው ናቸው። የትምህርት ቤት መዝገብና የክትባት ካርድ ፈልጉ። ካጣችሁ እናቲቱን በዘመን ሳይሆን በነገር ጠይቋት፦ የተወለደችው ከሚሌኒየሙ በፊት ነው በኋላ? ኮሮና ሲገባ ስንተኛ ክፍል ነበረች? ለሐኪም ምርመራ ከተላከች ልጅቱን የሚያውቅ መምህር አብሮ ይሂድ። በታናሺቱ ስም ታላቅ እህቷን ይዞ የሚመጣ አባት አለ።

አሁን ወደ አባትየው። አብዛኛው አባት ክፉ አይደለም። ልጁ “ቆማ ቀረች” እንዳይባልበት፣ መንገድ ላይ እንዳትጠለፍበት ወይም ከሰው ልጅ ወልዳ እንዳትገባበት ይፈራል። ድግሱ ከተጀመረ ደግሞ እህሉ ወጥቷል፣ ቃሉ ተሰጥቷል። እናንተ ልታደርጉለት የምትችሉት ትልቁ ነገር መውጫ መስጠት ነው። “ወረዳ ከለከለኝ፤ እስር ቤት ልግባ እንዴ?” ብሎ ለአማቾቹ ይናገር። ጥፋቱን በእናንተ ላይ ያላክክ፤ እናንተን ምንም አይጎዳችሁም፤ እሱ ግን ፊቱ ሳይጠቁር ሽማግሌ ልኮ ቀን ያስገፋል። ይህን አባቶች እፎይ ብለው ሲቀበሉት ታያላችሁ።

ሰርጉ መቅረቱን ድል ብላችሁ አትጻፉ። የቀረ ሰርግ በሌሊት፣ በሌላ ወረዳ፣ ባክስት ቤት ይፈጸማል። በሳምንቱ ተመለሱ፤ ጾም ከመግባቱ በፊት እንደገና፤ ከዳግም ትንሣኤ በኋላም አንዴ። መምህሩ በየጠዋቱ ስሟን እየጠራ መኖሯን ይይልን። ቤት ውስጥ እየተሰደበች ከሆነ ማን እንደሚቆምላት እዩ፤ የልጅቱ ሰው ማን እንደሆነ ያኔ ታውቃላችሁ።

ከልምድ የሚጠቀስ አንድ ነገር አለ። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ ሞሰቦ ላይ “ብርሃነ ሔዋን” የሚባል ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ቤተሰብ ልጁን በዚያ ጊዜ ላለመዳር ይስማማል፤ ልጅቱ ትማራለች ወይም በቡድን ትሰበሰባለች፤ መጨረሻ ላይ በግ ትሸለማለች። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ላይ ጋብቻው ቁልቁል ወረደ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ላይ ግን ያገቡት እንዲያውም በዙ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ታናናሾቹን ትምህርት ቤት ማቆየት ቤተሰቡም ሊቀበለው የሚችለው፣ በትንሽ ወጪም የሚሠራ መሆኑን ነው፤ በኋላ በክልሉ በተደረገ ሙከራ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ መስጠት እንኳ ለውጥ አምጥቷል። ለ16 ዓመቷ ልጅ ግን በግ አይበቃትም፤ ከጋብቻ ሌላ የምትሄድበት መንገድ መታየት አለበት። በጀት ስትጠይቁ ይህን ለይታችሁ ጠይቁ።

የሙት ልጅ መሬት

የሙት ልጅ ጉዳይ ሲመጣ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው “ማን እያሳደገው ነው?” ብለን ነው። “መሬቱን ማን እያረሰው ነው?” ብላችሁ ጀምሩ። እዚህ አገር ጤፍ የሚያበቅል ሁለት ጥማድ መሬት ያለው ሙት ልጅ አሳዳጊ አያጣም፤ የሚያጣው እውነተኛ አሳዳጊ ነው። የአባት ወገን “የወንድማችን ደም ነው” ይላል፣ የእናት ወገን “የእህታችን ልጅ ነው” ይላል፤ ክርክሩ ስለ ልጁ ይመስላል።

የመሬት ይዞታ ደብተሩን በዓይናችሁ እዩ። በማን ስም ነው? የት ይቀመጣል? አምና ስንት ኩንታል ገባ? በእኩል ከሆነ የልጁ ድርሻ ምን ላይ ዋለ? ውሉ በወረዳው መሬት አስተዳደር ተመዝግቧል? የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ (ቁጥር 252/2009) ያለውን መብት ከመሬት ባለሙያው ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ባለሙያው ከእናንተ ይበልጥ ያውቀዋል፤ ስለ ልጁ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ከዚያ ሞግዚትነትና አሳዳሪነት በፍርድ ቤት እንዲሰየም አመልክቱ። “በሽማግሌ ተስማምተናል” የሚል ወረቀት ልጁ 18 ሲሞላው አያስጥለውም።

እኔ ሲሆን ሲሆን የሚያሳድገውና የሚያርሰው ሰው ሁለት እንዲሆኑ አጥብቄ እጠይቃለሁ፦ ለምሳሌ የእናት እህት ታሳድግ፣ የአባት ወንድም ይረስ፣ የልጁ እህል በታወቀ መጠን በየመኸሩ ለአክስቲቱ ይግባ። አንዱ አንዱን ይጠብቃል። ሁልጊዜ አይሆንም፤ ወገኖቹ ከተቀያየሙ እህሉ በመንገድ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ለሦስተኛ ሰው ማከራየት ይሻላል።

እረኛና የቤት ሠራተኛ

በእህል ወይም በጥጃ የተቀጠረ እረኛ ልጅ፣ ወይም “ትማርልኛለች” ተብላ ደብረ ማርቆስ ዘመድ ቤት የተላከች ልጅ ስታገኙ፣ የሠራተኛ ሕጉ (አዋጅ 1156/2011) ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን እንደሚከለክል እወቁ። ግን ልጁን በማግሥቱ መመለስ የሚያስከትለውን አስቀድማችሁ አስቡ፤ ወላጆቹ የላኩት ሆዱ እንዲሞላ ከሆነ በሳምንቱ ሌላ ቤት ይሄዳል፣ እናንተ የማታውቁት ቤት። መጀመሪያ ትምህርት ይጀምር፤ ወላጅ በወር አንዴ ይየው፤ የት እንደሚተኛ ራሳችሁ እዩ። ለብቻዋ ወጥ ቤት የምትተኛ ልጅ በሯ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? ይህን ሳትጠይቁ አትውጡ።

የወሲብ ጥቃት ሲሆን

እዚህ ላይ ቀስ ማለት የለም። ልጁን አትጠቡ፣ ልብሱንም አትጠቡ በሉ፤ ልብሱ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል። ከፖሊስ በፊትም ቢሆን ሕክምና ይቅደም፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ከገጠር ቀበሌ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ለመድረስ ግማሹ ሰዓት በመንገድና በቤተሰብ ምክክር ያልቃል። ምክክሩን በመንገድ ላይ ያድርጉት።

ሽማግሌ ይመጣል። ካሳ ይቀርባል፤ “ያግባት” የሚልም አይጠፋም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ልጅቱን ካገባ ከቅጣት ይድን ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ይህን በር ዘግቷል። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅን የደፈረ በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ሽማግሌዎቹን አትሳደቡ፤ የሁለቱን ቤት ደም እንዲያበርዱ እርዱኝ በሏቸው፤ የወንጀሉ ክስ ግን በእርቅ እንደማይዘጋ በግልጽ ተናገሩ። ልጅቱ ቃሏን የምትሰጠው አንዴ እንዲሆን ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ላይ አስቀምጡ።

መናኸሪያው አካባቢ

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት፤ ስለዚህ በመናኸሪያው አካባቢ ሸክም የሚሸከሙት፣ ሊስትሮ የያዙት፣ ሌሊት በረንዳ ላይ የሚያድሩት ልጆች ከስናንም ከሞጣም ሊሆኑ ይችላሉ። አሳፍሮ መላክ ቀላሉ ነገር ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ያው በረንዳ ላይ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ለምን እንደወጣ እወቁ፤ የእንጀራ አባት ነው? ዕዳ ነው? ከብት ጠፍቶበት ፈርቶ ነው? ወደዚያው ቤት ከመመለሱ በፊት የቀበሌውን ጤና ኤክስቴንሽን ወይም መምህር ደውላችሁ ቤቱን ያዩላችሁ። ሲመለስ ሰው ይዞት ይሂድ፤ እጅ በእጅ ይረከቡት።

የቆሎ ተማሪን ከእነዚህ አትቀላቅሉ። አኩፋዳ ይዞ በየደጁ “በእንተ ስማ ለማርያም” የሚለው ልጅ ቤት ጠፍቶ የወጣ አይደለም፤ ደብረ ኤልያስና ዲማ ለዘመናት ያስተማሩት እንዲህ ነው። አፈሳ ውስጥ ካስገባችሁት ከቤተ ክህነት ጋር ለዓመታት ተጣላችሁ። ግን እሱም ልጅ ነው፤ ውሻ ይነክሰዋል፣ እከክ ይይዘዋል፣ በጎጆው ያለ ትልቅ ተማሪ ሊጎዳው ይችላል። የኔታን ጠይቁ፤ ትንንሾቹ ከማን ጋር እንደሚያድሩ፣ ሲታመሙ ማን ጤና ጣቢያ እንደሚወስዳቸው። የኔታ ጠያቂ በማግኘታቸው ደስ ሊላቸውም ይችላል።

መንገድ ሲዘጋ

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ብዙ ቀበሌ መግባት የማይቻልበት ጊዜ አለ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። ትምህርት ያቋረጠች ልጅ ሰርጓ ይፋጠናል፤ የሚነግራችሁ መምህርም የለም። በግድ አትሂዱ። በምትኩ ወደ ከተማ ለገበያ የሚወጡ ሴቶችን፣ ለመድኃኒት የሚመጣ ታማሚን፣ የጤና ኤክስቴንሽኗን ጠይቁ፤ ስም ሳትጽፉ። የያዛችሁት ማስታወሻ በየትኛውም ወገን ኬላ ላይ ሊገለጥ እንደሚችል አስባችሁ፣ ልጆቹን በራሳችሁ በምታውቁት ምልክት መዝግቧቸው።

መጻፍና ማስረከብ

በዋላችሁበት ቀን ማታ ጻፉ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ፤ “ልጁ ችላ ተብሏል” ሳይሆን “ሦስት ጫማ አየሁ፤ ልጆቹ አራት ናቸው” በሉ። ዳኛ የመጀመሪያውን ይጠራጠራል፣ ሁለተኛውን ያምናል። ቤተሰብ ሲለምናችሁ ከኪሳችሁ ዳቦ መግዛት ያለ ነገር ነው፤ ቀለብ ሰፋሪ መሆን ግን ሌላ ነው፤ ያ ጉዳይ ለማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረቱ ወይም ለደብሩ ሰንበቴ ይቅረብ። የራሳችሁ ዘመድ ጉዳይ ከመጣ ለባልደረባ አስተላልፉ፤ በትንሽ ከተማ ይህ በዓመት ከአንዴ በላይ ይገጥማል።

ይህ ሥራ ሰው አይበረክትበትም፤ እናንተም አንድ ቀን ትዛወራላችሁ። ያን ቀን ፋይሉን ቆጥራችሁ አትስጡ። በእያንዳንዱ ፋይል የመጀመሪያ ገጽ ላይ የልጁን ሰው ስም፣ ጎጡን፣ በምን እንደሚጠራ፣ ከማን ጋር በሬ እንደሚያቀናጅ፣ መጨረሻ የታየበትን ቀንና ለልጁ ቃል የገባችሁለትን ነገር በግልጽ ጽፋችሁ፣ ተተኪውን ቢያንስ ለከፉት ጉዳዮች ይዛችሁት ሂዱና ቤት ለቤት አስተዋውቁት። ልጁንም ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣው እሱ እንደሆነ እዚያው ንገሩት።